ቀዩ እንዳይታይ

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ የዚህ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ ወደ መቃብሩ ከመሄዳችን በፊት የሻምበል ባሻ ክሊዮፈስ ታርቨርን የሕይወት ታሪክ በትዕግሥት ትሰሙልን ዘንድ ቤተሰቡ ይለምናል። ሟቹ በሕይወት ሳሉ ይህ ጽሑፍ እንዴት መጻፍ እንዳለበት ትእዛዝ ሰጥተው ነበር፤ ትእዛዙም አጭር ነው። “ያያችሁትን አየን በሉ፣ የሰማችሁትን ሰማን በሉ፣ የቀረውን ተዉት። ሬሳ ሣጥን አጠገብ ከሚነበበው ግማሹ ውሸት ነው” ብለዋል። ስለዚህ በምናነበው ውስጥ “ተብሏል” እና “ሰምተናል” ቢበዛባችሁ፣ ቤተሰቡ ሟቹን ለማሳነስ አስቦ ሳይሆን ቃላቸውን ለመጠበቅ መሆኑን ተረዱልን።

ሻምበል ባሻ ክሊዮፈስ ታርቨር ከአባታቸው ከአቶ አይዛያ ታርቨርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉቬኒያ ኪት፣ በዚችው በአላባማዋ በሄይንስ ክሪክ፣ ከአስፋልቱ ወዲያ ባለው የኦቾሎኒ እርሻ ውስጥ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ተወለዱ። ወሩ መጋቢት ነው ያሉት እናታቸው ናቸው፤ ግንቦት ነው የሚለው ደግሞ የአላባማ መንግሥት ነው። ሻምበል ባሻ ሁለቱንም ስላላመኑ ዕድሜ ልካቸውን ልደታቸውን አላከበሩም፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አርዜላ ግን በሁለቱ መካከል ባለው በሚያዝያ ወር ኬክ እየጋገሩ ያቀርቡላቸው ነበር፤ እሳቸውም ኬኩን በሉ እንጂ ቀኑን አልተቀበሉም።

አባታቸው የሰው መሬት እያረሱ እኩሌታውን የሚያስረክቡ ገበሬ ነበሩ። ምርቱ በሚመዘንበት ቀን ልጃቸውን ይዘው ይሄዱና ከሚዛኑ ፊት ለፊት ያቆሟቸው ነበር። “ሰውዬው ሲያጫውትህ አትሳቅለት፤ ዓይንህን ከሚዛኑ እንዳታነሣ” ይሏቸው እንደነበረ ሻምበል ባሻ ራሳቸው ነግረውናል። ባለ ሚዛኑ ጨዋታ አዋቂ ስለነበረ አብዛኛው ገበሬ እየሳቀ ተመዝኖለት ይሄድ ነበር፤ ትንሹ ክሊዮፈስ ግን አልሳቁም። አብሮ አደጎቻቸው ከዚያ ወዲህም ሲስቁ ያየናቸው ከስንት አንዴ ነው ይላሉ።

ለትምህርት ሲደርሱ በዚያን ዘመን ለጥቁር ልጆች ብቻ ተለይቶ በነበረው ትምህርት ቤት ገቡ። መጻሕፍቱ የነጮቹ ልጆች ተምረውባቸው የተጣሉ በመሆናቸው፣ ክሊዮፈስ መጽሐፍ ሲሰጣቸው ከመቀበላቸው በፊት እዚያው ቆመው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይገልጡ፣ የተቀደደውን እያወጡ ያሳዩ ነበር። መምህርታቸው፣ “አንተ ልጅ፣ እኔን ነው የምትጠረጥረው?” ቢሏቸው፣ “አይደለም እትዬ፣ ከእርስዎ በፊት የያዘውን ነው” ብለው መመለሳቸው በከተማችን ሲነገር የኖረ ነው። ይህን ሰማን እንጂ አላየንም።

ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሱ በ1965 በውትድርና ተቀጥረው፣ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ በቬትናም፣ በጀርመንና በአገራቸው ልዩ ልዩ የጦር ሰፈሮች አገልግለው እስከ ሻምበል ባሻነት ደርሰዋል። ስለ ቬትናም የሚጠይቃቸውን ሁሉ “ይሞቃል” በሚል አንድ ቃል ይመልሱ ስለነበረ በዚያ ስለሆነው የምናውቀው ጥቂት ነው። ሆኖም ለኋላው ታሪክ የሚያስፈልግ አንድ ነገር ከወይዘሮ አርዜላ ሰምተናል። ሻምበል ባሻ ከቬትናም መልስ የአንድ የጦር ጓደኛቸውን አስከሬን አጅበው ወደ ሚሲሲፒ ተልከው ነበር። በቀብሩ ላይ ሣጥኑ የለበሰውን ባንዲራ ለእናቱ ለመስጠት ያጣጠፉት ወታደሮች ቸኩለው ስለነበረ፣ እናትየው በተሰጣቸው ጊዜ እጥፋቱ ላልቶ በጉልበታቸው ላይ ተዘረገፈና ጫፉ አፈር ነካ። እናትየው እያለቀሱ ሊሰበስቡት ሲታገሉ፣ ሻምበል ባሻ የአጃቢነት ሥርዓት ይዟቸው ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። “ያቺ ሴትዮ በሕልሜ ትመጣለች፤ እስከ ዛሬ እያጠፈች ነው” ማለታቸውን ወይዘሮ አርዜላ አንድ ጊዜ ብቻ ነግረውናል፤ ለምን ነገርሽ እንዳይባሉ በመስጋትም ደግመው አላነሡትም።

ከወይዘሮ አርዜላ ጋር የተዋወቁት ለፈቃድ በመጡበት በጋ፣ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አሳ እየተጠበሰ በሚሸጥበት ቅዳሜ ነው። ወይዘሮ አርዜላ ያቀበሏቸውን አሳ በሹካ ከፍተው ውስጡን አገላብጠው ሲመረምሩ ወይዘሮ አርዜላ ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ “መርዝ እየፈለግክ ነው?” አሏቸው።

“አጥንት” አሉ ሻምበል ባሻ ቀና ሳይሉ።

“እኔ አጥንቱን አውጥቼዋለሁ።”

“ማውጣትሽን አላየሁም።”

“እንግዲያው የሚቀጥለውን እዚህ ቆመህ እያየህ አወጣልሃለሁ” አሏቸው። ሻምበል ባሻም እስኪመሽ ቆመው አዩ። በዓመቱ በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ጋብቻቸውን ፈጽመው አንዲት ልጃቸውን ወይዘሮ ዮላንዳን አፈሩ።

በ1987 ጡረታ ወጥተው ወደ ሄይንስ ክሪክ በተመለሱ ማግሥት የከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለካዴት ክፍሉ አሠልጣኝ ይፈልግ ስለነበረ ተቀጠሩ። ሥራው ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ካዴቶቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ሰልፍ፣ ሥነ ሥርዓት፣ ካርታ ማንበብ፣ ባንዲራ መስቀልና ማጠፍ ይማራሉ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደንብ ልብስ ይለብሳሉ፤ ሲጨርሱ ወታደር የመሆን ግዴታ ግን የለባቸውም። ግዴታ እንደሌለባቸው የትምህርት ቤቱ ሰዎች በየዓመቱ ለወላጅ ይነግሩ ነበር። ወላጆችም በየዓመቱ አንገታቸውን ይነቀንቁና አያምኑም ነበር።

ለምን ያምናሉ? ፋብሪካው በተዘጋበት፣ ኦቾሎኒ ዋጋ ባጣበት ከተማ ውስጥ፣ ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ከልጆቻቸው ጋር በየቀኑ ያሳልፋል፤ በየጸደዩም መልማዩ ወታደር በሚያብረቀርቅ መኪና መጥቶ ካናቴራና እስክሪብቶ ያድላል። “መልማዩ ይመጣል ይሄዳል፤ ጠፍሮ የሚያቆይለት ግን ያ ሰውዬ ነው” እየተባለ በጸጉር ቤቱ፣ በነዳጅ ማደያው፣ ይቅርታ አድርጉልንና በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም ይወራ ነበር። ሻምበል ባሻ ይህን ያውቁ ነበር፤ በወሬኞቹም አልተቀየሙም። “ባይጠረጥሩኝ ነበር የምጠረጥራቸው” ይሉ ነበር።

እሳቸውም በበኩላቸው የማይጠረጥሩት አልነበረም። በፍተሻ ቀን የቀበቶውን ዘለበት ከፊት አይተው አያልፉም፤ ያስፈቱና ጀርባውን ያያሉ፤ ልጅ የሚወለውለው የሚታየውን ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበርና። የሎከር፣ የዕቃ ሣጥናቸውን ማለት ነው፣ ፍተሻ ካደረጉና ሁሉም እፎይ ካለ በኋላ ተመልሰው እንደገና ያስከፍታሉ። ካዴቶቹም ከኋላቸው፣ “ባሻ መንግሥተ ሰማያት ሲገቡ የወርቁን መንገድ በጣታቸው አሽተው ነው የሚረግጡት” እያሉ ይስቁባቸው ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ሰምተው ዞር አሉና፣ “ወርቅ ነው ያለህ ማነው?” ብለው ጠየቁ፤ ያ ልጅ ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጧል።

መልማዩን የሚያስተናግዱበት ሥርዓትም ነበራቸው፤ ይህንን በዓይናችን አይተናል። ወንበሩን በሩ አጠገብ ያኖሩለትና እሳቸው ራሳቸው በእሱና በልጆቹ መካከል ይቀመጣሉ። ከካዴቶቻቸው ማንም ከመፈረሙ በፊት እናቱን ወይም አባቱን ይዞ መጥቶ፣ ወዴት እንደሚሄድና ምን ሊገጥመው እንደሚችል በገዛ አፉ፣ ወላጁን ፊት ለፊት እያየ መናገር አለበት። ሕግ አላዘዛቸውም፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። አንድ ተማሪ አክስቱን እናቴ ናት ብሎ ይዞ ቢመጣ፣ ሻምበል ባሻ “ይህ ልጅ ሲወለድ ዝናብ ነበር ወይስ ፀሐይ?” ብለው ጠየቋት፤ ሴትዮዋ ሁለቱንም አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚመጣውን ወላጅ ከማመን ይልቅ መኪናቸውን አስነሥተው ቤቱ ድረስ መሄድ ለመዱ።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉ ሰው አንድ ጊዜ ሳይጠይቁ ቀሩ። የዚህ ታሪክ ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ ቤተሰቡም ሳይነበብ እንዳይታለፍ ከሟቹ ታዟል።

ላቬል ፑል የእትዬ ኦዴሳ ፑል ልጅ ነበር። እትዬ ኦዴሳን የማያውቅ የለም፤ በትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት የዚህን ከተማ ልጆች በሙሉ የመገቡ ናቸው። ባለቤታቸው ላቬል ጨቅላ ሳለ ስላረፉ እሱንና ራሳቸውን በዚያው ሥራ ያስተዳድሩ ነበር። ላቬል ለካዴቶቹ አለቃ ሆኖ የተመረጠ፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ እየሳቀ የሚያዝ ልጅ ነበር። ሻምበል ባሻ የማንንም ዘለበት ሳያዩ ባያልፉም፣ የላቬልን ለተወሰነ ጊዜ ካዩ በኋላ ማየት እንደተዉ የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ያስታውሳሉ፤ በዚያ ክፍል ከዚህ የበለጠ ሹመት አልነበረም።

በ2004 ጸደይ ላቬል ለመፈረም እንደወሰነ ሲነግራቸው፣ ሻምበል ባሻ “እናትህ ያውቃሉ?” ብለው ጠየቁት። “አዎ ባሻ፣ ተነጋግረናል” አላቸው። “መጥተው ይቀመጡ” ቢሉት፣ “ባሻ፣ እማዬ አልቅሳ ጨርሳለች። እዚህ አምጥተን ሁለተኛ አናስለቅሳት” አላቸው። ሻምበል ባሻም ተዉት። እትዬ ኦዴሳ የሚሠሩት ከካዴት ክፍሉ ኮሪደር ማዶ ነበር፤ በየቀኑ በምሳ ሰዓት የበቆሎ ዳቦና ጎመን በእጃቸው ይቀዱላቸው ነበር። ያን ሰሞን እህታቸው ታማ ስለነበረች እትዬ ኦዴሳ ዝም ብለው ነበር የሚቀዱት፤ ሻምበል ባሻ ግን ዝምታውን የልጃቸው መሄድ ሐዘን ነው ብለው ተረጎሙት፤ በሴትዮዋ ቁስል እንጨት ላለመስደድም አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ትሪያቸውን ይዘው ዞር ይሉ ነበር።

እትዬ ኦዴሳ ያወቁት ልጃቸው በተመረቀ በሳምንቱ፣ የመልማዩ መኪና በራቸው ላይ ጥሩንባ ሲነፋ ነው። መኪናው ከሄደ በኋላ በቤት ነጠላ ጫማቸው ከተማውን አቋርጠው የሻምበል ባሻ ግቢ ውስጥ ቆሙ። ወይዘሮ ዮላንዳ በረንዳው ላይ ነበሩና የሚቀጥለውን አይተዋል።

“አንተ ሰውዬ! ውጣ!” አሉ እትዬ ኦዴሳ። “ውጣና ፊቴን እያየህ ንገረኝ። ታውቅ ነበር?”

ሻምበል ባሻ ወጥተው ደረጃው ላይ ቆሙ። “አውቅ ነበር እትዬ።”

“ከእጄ እየበላህ? በየቀኑ ‘እግዜር ይስጥልኝ እትዬ’ እያልክ? የሰው እናት ልጅ ለሚሸጡበት ገበያ ዳቦ ትጋግራለች እንዴ?”

ወይዘሮ ዮላንዳ እንደሚናገሩት አባታቸው አፋቸውን ከፈቱ፣ እትዬ ኦዴሳን ከእግር እስከ ራስ አዩ፣ አፋቸውንም መልሰው ዘጉ። ቆይተው፣ “ጥፋቱ የእኔ ነው” አሉ። እትዬ ኦዴሳም ይህን እንደ ኑዛዜ ይዘው ሄዱ፤ በማግሥቱ ከተማው ሁሉ ይዞት ዋለ። ወይዘሮ አርዜላ ያን ምሽት “ለምን አልነገርካትም?” ብለው ሲጨቃጨቁ፣ “ልጁ መንገድ ላይ ነው። እናቱ ተቀይማው እንድትሸኘው ላድርግ?” ማለታቸውን ሰምተናል።

ላቬል በዓመቱ ኢራቅ ውስጥ ሞተ። አሁን እውነቱን ለእናትየው መንገር ለሻምበል ባሻ ሙት ልጅ ማስወቀስ ሆነባቸው።

በቀብሩ ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል፤ የተለያየ ነገር ግን ተናግራችኋል። ባንዲራው በሦስት ማዕዘን ሲታጠፍ የሚታየው ከዋክብት ያሉበት ሰማያዊው ብቻ መሆን አለበት፤ ቀዩ ጠርዙ ላይ ብቅ ካለ እጥፋቱ ልክ አይደለም፣ ይላላል። ከጦር ሰፈሩ የመጡት ወታደሮች አጥፈው ጨርሰው፣ አለቃቸው ሊያስረክብ በእትዬ ኦዴሳ ፊት ተንበርክኮ ነበር። ሻምበል ባሻ ካዴቶቻቸውን አሰልፈው ከኋላ ቆመዋል። ከዚያ ርቀት ቀዩን አዩ። ከሰልፉ ወጥተው፣ በሕዝቡ መካከል አልፈው፣ የወታደሩን ትከሻ ነኩና “ፍቱት” አሉ።

እትዬ ኦዴሳ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ባንዲራው ከጣታቸው ጫፍ ተነሥቶ ሲሄድ የጮኹትን ጩኸት የሰማ አይረሳውም። “ልጄን ወሰድክ፤ ባንዲራውንም ልትነሣኝ ነው?” አሉ። ሻምበል ባሻ በዚያ ሙቀት፣ እናትየው እያለቀሱ፣ ከሥር ጀምረው አስፈትተው፣ እንደገና አሳጠፉ፤ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳስሰው ዘወር አሉ። በዚያን ቀን በዚህ ከተማ የነበራቸው ስም አብሮ ተቀበረ ቢባል ማጋነን አይደለም። “ሬሳ ላይ የሚፈትሽ ሰው” አሏቸው። አንዳንዱ ሆን ብለው ሊያዋርዷት ነው አለ፤ አንዳንዱ ጸጸት ነው አለ፤ ከጦሩ ትእዛዝ ተቀብለው ነው ያለም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የካዴት ክፍሉ ተመናመነ። እናቶች ልጆቻቸውን አስወጡ። በምግብ ቤቱ ሻምበል ባሻ ተራቸው ሲደርስ እትዬ ኦዴሳ ጭልፋውን ያስቀምጡና ሌላ ሴት መጥታ ትቀዳላቸው ነበር፤ እሳቸውም ከቤታቸው ምሳ መያዝ እየቻሉ፣ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2010 ድረስ ከዚያች ሰልፍ አልቀሩም። ለምን እንደማይቀሩ ወይዘሮ ዮላንዳ ሲጠይቋቸው፣ “ከሸሸሁማ እውነት ነው ይላሉ” አሉ። በፍተሻ ግን ከበፊቱ ይልቅ ከበዱ። ከዚያ በኋላ ዘለበቱ ሳይታይ ያለፈ አንድም ካዴት የለም።

ወይዘሮ አርዜላ በ2013 ካረፉ በኋላ ሻምበል ባሻ ብቻቸውን ሲኖሩ ቆይተው ባለፈው ዓመት በሳንባ ሕመም ተያዙ። ነርሷ የምትሰጣቸውን ክኒን ሁሉ እያገላበጡ፣ “ትናንት ቢጫ ነበር፤ ዛሬ ለምን ነጣ?” እያሉ ስንቱን አስመርረዋል። ሁለት ጊዜ ግን እውነታቸውን ሆኖ ተገኝቷል፣ ነርሷም እዚህ ስላለች መመስከር ትችላለች።

በዚሁ ሕመም ጊዜ ነው በጸጉር ቤቱ የሆነው የሆነው። እትዬ ኦዴሳ ጸጉራቸውን ሊሠሩ ተቀምጠው ሳሉ ስለ ሻምበል ባሻ መታመም ተነሣና፣ “ይፈትሹት እንግዲህ፤ ተራው ደርሷል” አሉ። ከማድረቂያው ሥር ተቀምጣ የነበረችው የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር ኬንድራ ስታርክስ ናት። ኬንድራ ከላቬል ጋር የተማረች ካዴት ነበረች፤ ያን ጸደይ ላቬል ከሻምበል ባሻ ጋር ሲነጋገር በክፍሉ ጓዳ የሰልፍ ጠመንጃ ስትወለውል ነበር። ማድረቂያውን ከራሷ ላይ ገፋ አድርጋ፣ “እትዬ፣ እንደዚህ አይበሉ። ላቬል እማዬ ታውቃለች ብሎ ነው የነገራቸው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ” አለች።

“ልጄን ሞቶ ልታዋሺው ነው?”

“እኔንም አስምሎኝ ነበር፤ ማሠልጠኛው ስደርስ ደውዬ ራሴ እነግራታለሁ ብሎ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው። ‘እማዬ አልቅሳ ጨርሳለች’ ነው ያላቸው።”

እትዬ ኦዴሳ ግማሹ ጸጉራቸው ሳይጠቀለል ተነሥተው ሄዱ። የሰሙትን አምነው ነው ብለን አንጽፍም፤ አላመኑም ነበርና። በማግሥቱ የበቆሎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው የሻምበል ባሻን በር አንኳኩ። ወይዘሮ ዮላንዳ ከፈቱላቸው።

“ልጠይቀው አልመጣሁም። ላጣራ ነው” አሉና ገብተው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። “አንተ ሰውዬ፣ ልጄ ዋሽቶሃል?”

ሻምበል ባሻ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ “ላቬል ዋሽቶኝ አያውቅም እትዬ። እኔ ነኝ ያልጠየቅሁ” አሉ።

እትዬ ኦዴሳም፣ “አሁን የዋሸኸው አንተ ነህ” አሉ። “ልጄን አውቀዋለሁ። እኔ እንዳላለቅስ ሲል ጥርሱ ተሰብሮ አልታመምኩም ይል ነበር። ለምን ያን ቀን አልነገርከኝም?”

“ሊደውልልዎ ነበር። ተቀይመው ስልኩን እንዲያነሡለት አልፈለግሁም።”

“ከሞተ በኋላስ?”

“ከሞተ በኋላማ ምኑን ብዬ?”

እትዬ ኦዴሳ ዳቦውን ፈተው አቀረቡ። ሻምበል ባሻ ቁራሹን አንሥተው ገልበጥ አድርገው ሥሩን አዩ። እትዬ ኦዴሳ፣ “መርዝ አለበት ብለህ ነው?” አሏቸው።

“አርሮ እንደሆን ነው።”

“አርሮ አያውቅም። ስትሰለፍ ኖረህ ይህን አታውቅም?”

“እርስዎ አልቀዱልኝማ።”

ወይዘሮ ዮላንዳ ከኩሽና ሆነው የሰሙት ሳቅ የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደሉም። እትዬ ኦዴሳ ሊሄዱ ሲነሡ በሩ ላይ ቆመው የተናገሩት ግን እንዲህ ነው፦ “ስለ ባንዲራው አርዜላ ነፍሷን ይማርና አንድ ቀን የሚሲሲፒዋን ሴትዮ ነግራኝ ነበር። ባሏን ልታስታርቅ ነው ብዬ አላመንኳትም። ዛሬ ጠዋት ከቴሌቪዥኑ በላይ ካለው ሣጥን አውጥቼ አየሁት። በዚህ ሁሉ ዘመን አልላላም።”

“ቀይ አለው?” አሉ ሻምበል ባሻ።

“የለውም” አሉ እትዬ ኦዴሳ።

ከዚያ ወዲህ እስከ ዕለተ ሞታቸው እትዬ ኦዴሳ ይመላለሱ ነበር፤ ይጨቃጨቁ ነበር፤ ይቅር ተባብለው እንደሆነ በጆሯችን ስላልሰማን አንጽፍም። ሻምበል ባሻ ግን ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ወይዘሮ ዮላንዳን ጠርተው፣ ከጦር ሰፈሩ የሚመጡት ልጆች አጣጠፍ እንደማያስተማምናቸው፣ እሳቸው ግን በዚያን ቀን ተነሥተው ማስፈታት እንደማይችሉ ነገሯቸው። ስለዚህ ባንዲራው ለልጃቸው ከመሰጠቱ በፊት አንድ የሚያምኑት ሰው እንዲያየው አዘዙ። “እሷ ትየው” አሉ። “ቀዩ ከታየ ታስፈታው። ሰው ቢያጉረመርም ግድ የላትም፤ እኔም ግድ አልነበረኝም።”

ሻምበል ባሻ ክሊዮፈስ ታርቨር በያዝነው በ2019 ሚያዝያ፣ ኬክ በሚጋገርላቸው ሰሞን፣ በእናታቸው አቆጣጠር በሰባ ሁለት፣ በአላባማ መንግሥት አቆጣጠር በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዙ በቤታቸው ዐርፈዋል። ይህን አይተናል።

ሟቹ ልጃቸውን ወይዘሮ ዮላንዳ ታርቨርን፣ ይህን ያነበበችላችሁን የልጅ ልጃቸውን፣ በየከተማው የተበተኑትን፣ ወታደር የሆኑትንና ያልሆኑትን ካዴቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። እትዬ ኦዴሳ ፑልን ከየትኛው ወገን እንደምንጽፋቸው ቤተሰቡ ብዙ ተከራክሮ፣ በመጨረሻ ከልጃቸው ቀጥሎ በፊተኛው ወንበር እንዲቀመጡ ተስማምቷል። ወይዘሮ አርዜላና ላቬል ፑል ቀድመዋቸዋል።

ከጦር ሰፈሩ የመጣችሁ ወታደሮች፣ በመቃብሩ ቦታ አንዲት እናት ወደ እናንተ ቀርበው የሠራችሁትን ቢዳስሱ ቅር አይበላችሁ። የዘለበትን ፊትም ጀርባም የሚያይ፣ የሰውን ልብ መርምሮ የሚያውቅ አምላክ የአገልጋዩን የክሊዮፈስን ነፍስ በምሕረቱ ይፈትሽ፤ በአርዜላና በላቬል አጠገብም ያሳርፍልን፤ በጥርጣሬ ለቆየነው ለሁላችንም ልብ ይስጠን። አሜን።

አሁን ወደ መቃብሩ እንሄዳለን። እትዬ ኦዴሳ መነጽራቸውን ይዘዋል።